ዕዳው ተከፈለ፤ ኩባንያውስ ይመለሳል?

ንግድና ሕግ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከጎንደር ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱ የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ አውስትራሊያ ውስጥ ተመዝግቦ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲፈርስ ተወስኖበት፣ ሒሳቡ እየተጣራ ስላለ ኩባንያ። ባሕር ማዶ ካለ ዘመዱ ጋር አክሲዮን የገባ፣ ዕቃም በዱቤ የላከ ሰው በከተማችን ብዙ ስለሆነ አንድ ላይ መልሰናቸዋል።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ሜልበርን ይኖራል። የጽዳት ሥራ ኩባንያ ሲያቋቁም አዘዞ የነበረውን የአባታችንን ቤት ሸጠን ድርሻዬን ስለላክሁለት፣ ከመቶ 40 አክሲዮን በስሜ ተመዝግቧል። አንድ ዕቃ አቅራቢ 38 ሺህ ዶላር ይከፈለኝ ብሎ ደብዳቤ ላከ፤ ወንድሜ ሳይመልስለት ቀረ፤ ፍርድ ቤቱ ኩባንያው ይፍረስ ብሎ ሒሳብ አጣሪ ሾመ። አሁን ገንዘቡ ተገኝቷል። «ልክፈልና ኩባንያዬን ልረከብ» ይላል። ይሆናል? እኔስ እዚህ ሆኜ የማግዘው ነገር አለ? (ከማራኪ)

መልስ፦ ኩባንያው ሊመለስ ይችላል፤ ግን 38 ሺህ ዶላር ስለተከፈለ ብቻ አይመለስም። ትእዛዙ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ጉዳዩ የወንድምዎና የአቅራቢው መሆኑ ቀርቷል። ሒሳብ አጣሪው የሚሠራው ለገንዘብ ጠያቂዎች ሁሉ ነው። አቅራቢው «ተከፍሎኛል፣ ጨርሻለሁ» ቢልም ማጣራቱ አይቆምም።

ከሁሉ አስቀድሞ ለወንድምዎ ይደውሉለትና ከኩባንያው ገንዘብ ላይ አንድ ሳንቲም እንዳይነካ ይንገሩት። ማጣራቱ ከተጀመረ በኋላ በኩባንያው ንብረት የተፈጸመ ክፍያ በአገሩ ሕግ አንቀጽ 468 መሠረት ፈራሽ ነው፤ ሒሳብ አጣሪው ሊያስመልሰው ይችላል። ገንዘቡ ከራሱ ኪስ ወይም ከዘመድ የመጣ ከሆነ ችግሩ ይህ አይደለም። ያኔም ቢሆን ለአቅራቢው በቀጥታ ከሚሰጠው፣ በጠበቃው የአደራ ሒሳብ አስቀምጦ ትእዛዙ ሲገኝ እንዲከፈል ማድረግ ይበጃል። ማመልከቻው ውድቅ ቢሆን ገንዘቡ በእጁ ይቀራል።

መንገዱ እ.ኤ.አ. የ2001 የአውስትራሊያ የኮርፖሬሽኖች ሕግ አንቀጽ 482 ነው። ፍርድ ቤቱ ማጣራቱ በሚካሄድበት በማናቸውም ጊዜ፣ ማመልከቻ ሲቀርብለት፣ ማጣራቱን ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ ሊያግደው፣ አለዚያም በትእዛዙ በጠቀሰው ቀን ሊያቋርጠው ይችላል። አመልካቹ ሒሳብ አጣሪው፣ ገንዘብ ጠያቂ ወይም ባለአክሲዮን ሊሆን ይችላል። ዳይሬክተር ግን በዳይሬክተርነቱ ብቻ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ሥልጣኑም ማጣራቱ እስካለ ድረስ ታግዷል። ወንድምዎ የሚያመለክተው በባለአክሲዮንነቱ ነው። እርስዎም 40 ከመቶ ስላለዎት በራስዎ ስም ማመልከት ወይም አብረውት መቅረብ ይችላሉ። አክሲዮንዎ ሙሉ በሙሉ የተከፈለ መሆኑ ይህን መብት አያስቀርብዎትም።

ዳኛው የሚመዝነውን ነገር የኩዊንስላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 ዋርብለር በተባለ ኩባንያ ጉዳይ ዘርዝሮታል፤ ዛሬም የሚጠቀሰው እሱ ነው። ማስረዳት የአመልካቹ ሸክም ነው። ገንዘብ ጠያቂዎችና ባለአክሲዮኖች ሁሉ ማስታወቂያ ደርሷቸዋል? ዕዳው ስንት ነው፣ ተከፍሏል? እነሱና ሒሳብ አጣሪው ምን ይላሉ? ኩባንያው ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ነው? ለምን ፈረሰ? ዳይሬክተሩ ለሒሳብ አጣሪው ማቅረብ ያለበትን መግለጫ አቅርቧል? አሠራሩስ የንግድ ጨዋነትን ወይም የሕዝብን ጥቅም የሚነካ ነበር? ማመልከቻ ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው ግን በአንዱ ላይ ነው፤ የመክፈል አቅም ላይ። ሕጉ የሚፈልገው ኩባንያው ዕዳዎቹን ሁሉ መክፈያቸው በደረሰ ጊዜ መክፈል እንዲችል ነው። ስለዚህ ያለፈውን ዕዳ መዝጋት ግማሹ ሥራ ነው፤ ዳኛው የሚጨነቀው ነገ ለዚህ ኩባንያ ዱቤ ለሚሰጠው ሰው ነው።

ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል እንየው። አቅራቢው 38,000 ዶላር። አቅራቢው ለክሱ ያወጣውና ኩባንያው እንዲከፍል የታዘዘው ወጪ 9,000። የሒሳብ አጣሪው ክፍያና ወጪ 24,000። ያልተከፈለ ግብር 31,000። ለሠራተኞች ጡረታ ያልገባ 12,500። የመኪና ኪራይ 8,000። ድምሩ 122,500 ዶላር ይሆናል። ወንድምዎ «ተገኘ» ያለው ገንዘብ የዚህን ሢሶ አይሞላም። የሒሳብ አጣሪው ክፍያ ደግሞ በየሳምንቱ ስለሚጨምር መዘግየት ራሱ ዕዳ ነው። ከዚህም በላይ ሒሳብ አጣሪው የኩባንያውን መኪናና ማሽን የመሸጥ ሥልጣን አለው፤ ኩባንያው የሚሠራበት ዕቃ ከተሸጠ በኋላ የሚመለሰው ስሙ ብቻ ነው።

የገንዘብ ጠያቂዎቹ ሠንጠረዥ የማመልከቻው ልብ ነው። ለእያንዳንዱ ገንዘብ ጠያቂ አንድ መስመር ይስጡ፦ ስሙ፣ በኩባንያው መዝገብ ያለው መጠን፣ እሱ ራሱ የሚጠይቀው መጠን፣ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ፣ በምን ቀን እንደተከፈለ ወይም ከየት እንደሚከፈል፣ ማስረጃው የተያያዘበት ገጽ። «ልዩነት» የሚለውን ባዶ የተወ ሰው ዳኛው ፊት ይቸገራል፤ መዝገቡ 31,000 ሲል የግብር መሥሪያ ቤቱ 44,000 ካለ 13,000ው ወለድ ነው፣ ቅጣት ነው ወይስ ለመሥሪያ ቤቱ ሳይገለጽ የቀረ ግብር መሆኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አለበት። በየጊዜው መግባት የነበረበት የግብር ማስታወቂያ ካልገባ ደግሞ የግብር ዕዳው መጠን ስለማይታወቅ ሠንጠረዡ ሁሉ ይናጋል። መጀመሪያ ማስታወቂያዎቹ ይግቡ። ከሠንጠረዡ ብዙ ጊዜ የሚረሱት የሠራተኛ ዓመት ፈቃድና የጡረታ መዋጮ ናቸው። ያልደረሰ ዕዳም፣ እንደ ባንክ የመኪና ብድር ያለው፣ ወርሃዊ ክፍያው ተጠቅሶ ይግባ።

ከሠንጠረዡ ቀጥሎ የሚቀርበው የሚቀጥሉት 12 ወራት ገቢና ወጪ ነው፤ በወር በወር፣ በሒሳብ ባለሙያ ተዘጋጅቶ። የጽዳት ኩባንያ የሚኖረው በውሎቹ ነው። ውሎች ደግሞ «ኩባንያው ከፈረሰ ውሉ ይቋረጣል» የሚል አንቀጽ አብዝተው ይይዛሉ። ስለዚህ ደንበኞቹ «ትእዛዙ ሲነሣ ሥራውን እንቀጥላለን» ብለው የጻፉት ደብዳቤ ከሌለ፣ በሠንጠረዥ የተሞላው የወር ገቢ ምኞት ነው። የመድን ዋስትናውም አለመቋረጡ ይረጋገጥ። ፍርድ ቤቶች ያልተመረመረ ሒሳብንና የባለቤቱን ግምት በጥርጣሬ እንደሚያዩ ማወቅ ጥሩ ነው።

እርስዎ እዚህ ሆነው ትልቁን ሥራ የሚሠሩት በዚህ በኩል ነው። ከአክሲዮኑ ሌላ ለኩባንያው ያበደሩት ገንዘብ ካለ እርስዎም ገንዘብ ጠያቂ ነዎት፤ ብድርዎ ዕዳ ሆኖ ሚዛኑን ያከብደዋል። ብድሩን ወደ አክሲዮን መቀየር፣ ወይም ሌሎቹ ሁሉ እስኪከፈሉ እንደማይጠይቁ በውል መፈረም ይችላሉ። ወንድምዎም ለራሱ ብድር እንዲሁ ያድርግ። «ቤተሰብ ነን፣ አንጠያየቅም» የሚለው የቃል ነገር እዚያ ችሎት አይቆጠርም፤ በፊርማ የተደገፈ ሰነድ ነው የሚታየው።

ደብዳቤውን ለምን ሳይመልስ እንደቀረ በግልጽ ይናገር። ያ ደብዳቤ ተራ ማስጠንቀቂያ አልነበረም። በሕጉ መሠረት የተላከ የክፍያ መጠየቂያ ከደረሰ በኋላ በ21 ቀን ውስጥ መክፈል፣ መስማማት ወይም እንዲሻር ማመልከት ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ኩባንያው መክፈል እንዳልቻለ ይገመታል። ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ችግር ኩባንያው የተመዘገበበት አድራሻ የድሮ ቤት ሆኖ መቅረቱ ነው። እንዲያ ከሆነ ይህን ይበል፤ ለኩባንያዎች ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ ለአሲክ፣ አዲሱን አድራሻ መቼ እንዳስመዘገበም ያሳይ። ሒሳብ አጣሪ ሲሾም ዳይሬክተሩ ስለ ኩባንያው ሥራና ንብረት በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መግለጫ ማቅረብ አለበት። ካላቀረበ ዛሬውኑ ያቅርብ፤ ደብተሮቹንም ያስረክብ። ይህን ሳይፈጽም «ኩባንያዬን መልሱልኝ» ማለት ለዳኛው ትልቅ ጥርጣሬ ይፈጥርበታል።

ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ሒሳብ አጣሪውን ማነጋገር ግድ ነው። ፍርድ ቤቱ ሪፖርት እንዲያቀርብ ሊያዝዘው ይችላል፤ ክፍያው ካልተሸፈነለት ወይም ዋስትና ካላገኘ ደግሞ ሪፖርቱ አይደግፋችሁም። ብዙዎቹ «አልደግፍም፣ አልቃወምም» ይላሉ፤ ያ በቂ ነው። ማመልከቻው የሚቀርበው ትእዛዙን ለሰጠው ፍርድ ቤት ነው፤ በእናንተ ጉዳይ የቪክቶሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወይም የፌዴራል ፍርድ ቤት። ትእዛዙ ሲገኝ ቅጂው በ14 ቀን ውስጥ ለአሲክ መግባት አለበት። አስተዳደሩ ለማን እንደሚመለስ፣ አዲስ ዳይሬክተር ለመምረጥ ጉባኤ ይጠራ እንደሆነም ትእዛዙ ውስጥ እንዲጻፍ ጠበቃው ይጠይቅ፤ አለዚያ ባንኩ ሒሳቡን ለማን እንደሚከፍት ሲያመነታ ሳምንታት ያልፋሉ።

ጥያቄ፦ «ማገድ» እና «ማቋረጥ» ምን ልዩነት አላቸው? ጠበቃው መጀመሪያ እገዳ እንጠይቅ ይላል። (ከአራዳ)

መልስ፦ እገዳ ማጣራቱን ባለበት ያቆመዋል እንጂ አያጠፋውም፤ እገዳው ሲያበቃ ወይም ሲነሣ ማጣራቱ ካቆመበት ይቀጥላል። ማቋረጥ ግን ይዘጋዋል። ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጥ እገዳ የሚጠቅመው አንድ የተለየ ነገር እየተጠበቀ ሲሆን ነው፤ ይግባኝ፣ የቤት ሽያጭ መጠናቀቅ፣ የገንዘብ ጠያቂዎች ድምፅ። የሚጠበቀው ነገር ከነቀኑ ካልተጠቀሰ እገዳ ጊዜ መግዣ ይመስላል፤ ዳኞችም እንዲያ ነው የሚያዩት። ገንዘቡ በእጅ ካለ በቀጥታ ማቋረጥ ይጠየቅ።

ጥያቄ፦ በአክሲዮኔ ምክንያት የመሐላ ቃል ስጥ ተባልሁ። የምኖረው ጎንደር ነው፤ እንግሊዝኛ እምብዛም አይገባኝም። እንዴት ላድርግ? (ከቀሐ)

መልስ፦ የማይገባዎትን ወረቀት አይፈርሙ። ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው፤ ጠበቃው በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ ዘመድ በስልክ «እዚህ ጋ ፈርም» ይላል፣ ኋላ መስቀለኛ ጥያቄ ሲመጣ ቃሉ ይፈርሳል፤ የቤተሰቡ ማመልከቻም አብሮት ይጎዳል። ቃልዎን በአማርኛ ይስጡ። አማርኛው ላይ ይማሉ፣ ይፈርሙ፤ የእንግሊዝኛ ትርጉሙና የተርጓሚው የራሱ የመሐላ ቃል ይያያዙበት። አውስትራሊያ ውስጥ ናቲ የሚባለው ተቋም ብቃታቸውን ያረጋገጠላቸው የአማርኛ ተርጓሚዎች አሉ፤ ከእነሱ አንዱ ቢሆን ክርክር አይነሣበትም። መሐላው የሚፈጸመው በተፈቀደለት ሰው ፊት ነው። አዲስ አበባ ያለው የአውስትራሊያ ኤምባሲ በቀጠሮ የሚሰጠው አገልግሎት ስላለ፣ ከጎንደር ከመነሣትዎ በፊት ቀጠሮውን ይያዙ፤ የሜልበርኑ ጠበቃም የሰነዱን ቅርጽ አስቀድሞ ይላክልዎት። እያንዳንዱ ገጽ ቁጥርና ፊርማ ይኑረው።

ሦስት ነገሮች የእኛን አገር ሰው በተለይ ያስቸግሩታል። አንደኛው ስም ነው። ፓስፖርትዎ ላይ ስምዎ፣ የአባትና የአያት ስምዎ ሲኖር፣ የአክሲዮን መዝገቡ ላይ ሁለት ስም ብቻ ሊኖር ይችላል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ «ፀ» በአንዱ ቦታ በአንድ ፊደል፣ በሌላው በሁለት ይሆናል። በመሐላ ቃልዎ ውስጥ «በእነዚህ አጻጻፎች የተጠራሁት አንድ ሰው እኔ ነኝ» የሚል አንቀጽ ያስገቡና የፓስፖርቱን ቅጂ ያያይዙ። ሁለተኛው ቀን ነው። የአውስትራሊያ የበጀት ዓመት የሚዘጋው በጁን 30 ነው፤ እሱም በእኛ ሰኔ 23 እንጂ ሰኔ 30 አይደለም። የባንክ ደረሰኝዎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ የሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ይጻፉ፤ ወደ ዶላር ተመንዝሮ የተላከ ገንዘብ በአንድ ሳምንት ልዩነት ወደ ሌላ የበጀት ዓመት ሊዛወር ይችላል። ሦስተኛው ሰዓት ነው። በቪዲዮ እንዲቀርቡ ከተባለ፣ ሜልበርን ከጧቱ 4 ሰዓት የሚጀምር ችሎት እዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ እነሱ በበጋቸው ሰዓታቸውን ወደፊት ሲገፉት ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። መብራትና ኢንተርኔት የማይጠፋበትን ቦታ አስቀድመው ያዘጋጁ።

ጥያቄ፦ ሜልበርን ላለ ሱቅ በርበሬ፣ ሽሮና ኮረሪማ በዱቤ እልክ ነበር። ኩባንያው እየተጣራ ነው። አሁን ደግሞ ማጣራቱ ይቋረጥልን ብለው ማመልከታቸውን የሚገልጽ ወረቀት መጣልኝ፤ ከሥር «አልቃወምም» ብዬ እንድፈርም ይፈልጋሉ። ልፈርም? (ከቅዳሜ ገበያ)

መልስ፦ ገንዘቡ ከመግባቱ በፊት አይፈርሙ። ወረቀቱ ላይ የትኛው ቃል እንዳለ ይመልከቱ፤ «አልቃወምም»፣ «ተስማምቻለሁ» እና «ተከፍሎኛል» ሦስቱ ሦስት ነገር ናቸው። ባንክዎ ገንዘቡ ሒሳብዎ ላይ መግባቱን ሳያረጋግጥልዎት «ተከፍሎኛል» የሚለውን በፍጹም አይፈርሙ፤ «ልኬዋለሁ፣ ማስረጃው ይኸው» የሚል የስልክ ፎቶ ክፍያ አይደለም። ለመስማማት ከፈለጉ «ይህን ያህል ዶላር በጠበቃው የአደራ ሒሳብ ተቀምጦ ትእዛዙ በተሰጠ በዚህን ያህል ቀን የሚከፈለኝ ከሆነ አልቃወምም» ብለው ይጻፉ።

ሒሳብ አጣሪው ዝርዝር ውስጥ መኖርዎን ደግሞ በኢሜይል ይጠይቁት። ከሌሉ ቅጽ 535 የሚባለውን የዕዳ ማረጋገጫ ሞልተው ይላኩ፤ የዕቃ መላኪያ ሰነዱን፣ ደረሰኙንና የተጻጻፋችሁትን መልእክት ያያይዙ። መጠኑን በብር ተስማምታችሁ ከነበረ የሚመነዘረው ማጣራቱ ጀመረ በሚባልበት ቀን ምንዛሪ ነው። ይህ ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት በብር የተጻፈ ደረሰኝ በኋላ ቀን ሲመነዘር በጣም ያነሰ ዶላር ይሆናል። ውሉ በዶላር እንደነበር የሚያሳይ አንድ መልእክት እንኳ ካለ ይፈልጉት።

ከመወሰንዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፤ «ከመፍረሱ በፊት ለሌሎች አለአግባብ የተከፈለ፣ ማስመለስ የሚቻል ገንዘብ አግኝታችኋል?» ይህን ዓይነት ክፍያ የማስመለስ ሥልጣን የሒሳብ አጣሪው ነው፤ ማጣራቱ ከተቋረጠ አብሮ ይቀራል። መልሱ «አዎ» ከሆነ መቃወም ለእርስዎ ይጠቅም ይሆናል። ለመቃወም ሜልበርን መሄድ አይጠበቅብዎትም፤ ምክንያቱን ጽፈው ለሒሳብ አጣሪው ከላኩት ለፍርድ ቤቱ ያሳውቃል። ኩባንያውን በራስዎ መክሰስ ግን ማጣራቱ እስካለ ድረስ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ አይቻልም።

ጥያቄ፦ የእኛ ኩባንያ ከመዝገብ ተሰርዟል ተብለናል። አሁንም በአንቀጽ 482 ማመልከት እንችላለን? ጎንደር ላለው የግል ማኅበራችንስ ይሠራል? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ሁለተኛውን እናስቀድም፤ አይሠራም። ጎንደር የተመዘገበ ማኅበር የሚዳኘው በእኛው የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ነው፤ ለእሱ የአገር ውስጥ ጠበቃ ያነጋግሩ።

የመጀመሪያውም በዚያ መልኩ አይሆንም። ከመዝገብ የተሰረዘ ኩባንያ በሕግ ፊት የለም፤ ንብረቱም ወደ አሲክ ይተላለፋል። የሌለ ኩባንያ ማጣራት ስለማይቋረጥ መጀመሪያ በአንቀጽ 601ኤኤች ወደ መዝገብ እንዲመለስ መጠየቅ አለበት። በስረዛው የተጎዳ ሰው ወይም የቀድሞው ሒሳብ አጣሪ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ሲመለስ እንዳልተሰረዘ ስለሚቆጠር እየተጣራ ከነበረ ወደዚያው ሁኔታ ነው የሚመለሰው፤ የአንቀጽ 482 ማመልከቻ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለጠበቃ ከመክፈልዎ በፊት ግን እውነት መሰረዙን ራስዎ ያረጋግጡ። የኩባንያውን ባለ 9 አኃዝ ቁጥር በአሲክ መዝገብ ፍለጋ ላይ ካስገቡ በነፃ ያሳየዎታል፤ 11 አኃዝ ያለው የንግድ መለያ ቁጥሩ ነው፣ እሱን አያምታቱት።